ዓምና ያነበብናቸው መጻሕፍትና ያስነሡብን ጥያቄ

ከሎረል፣ ሜሪላንድ

አገር በእሳት ውስጥ ሳለች ስለ መጻሕፍት ማውራት ምን የሚሉት ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም ራሳችን ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምረን ሦስት ጊዜ የተውነው ይኸው ጥያቄ እየተፈታተነን ነው። ይሁንና ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከእጃችን ያልተለዩት ጥቂት መጻሕፍት፣ ዓመቱን ሙሉ ከሰማናቸው መግለጫዎችና የአቋም ሰነዶች ሁሉ በላይ አስጨንቀውናል። ፈረንጆች ዓመት ሲገባደድ የወደዷቸውን መጻሕፍት መዘርዘር ልማዳቸው ነው። የእኛ ዝርዝር አጭር ነው፤ ከመካከሉም አንዱን ያነበብነው ስለወደድነው ሳይሆን ዕዳ ስለሆነብን ነው።

አስቀድመን የምናነብበትን ስፍራ እናስተዋውቅ። ሎረል ከዋሽንግተንና ከባልቲሞር መካከል፣ በፓታክሰንት ወንዝ ዳር የተቀመጠች አነስተኛ ከተማ ናት። የአሜሪካን ፖለቲካ የሚከታተል ሰው፣ የአላባማው አገረ ገዥ ጆርጅ ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1972 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር በጥይት ተመትቶ ሽባ የሆነባት ከተማ መሆኗን ያስታውሳል። ለሐበሻው ግን ሎረል ማለት የሲልቨር ስፕሪንግ የቤት ኪራይ ሲያንገሸግሸው የሚሸሽባት ቦታ ናት። ቤቱን ይዞ ይሸሻል እንጂ እንጀራውን፣ ቡናውንና ወሬውን አሁንም ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ሄዶ ነው የሚገዛው፤ ዘመድ ካለው ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ድረስ ይዘልቃል።

መጽሐፍም የሚገኘው በዚያው መንገድ ነው። ከበርበሬውና ከሽሮው ከረጢት አጠገብ፣ ከስልክ ካርዱ በታች፣ አንዲት አቧራ የጠጣች መደርደሪያ አለች። ከእርሷ የቀረው በሰው ሻንጣ ይመጣል። አንድ ወዳጃችን በየዓመቱ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ለሻንጣው የተፈቀደለትን 23 ኪሎ ከባለቤቱ ጋር ይከራከርበታል፤ እርሷ ድርቆሽና ቆሎ ትላለች፣ እርሱ ወረቀት ይላል። "ወረቀት ይበላል ወይ?" እያለች የምትቀንስበት ባይሆን ኖሮ የእኛም ዝርዝር ረዘም ይል ነበር። ለቸገረው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አለ። በናይሮቢ ያለው ቢሮው ከኢትዮጵያም ጭምር መጻሕፍት እየሰበሰበ ወደ ዋሽንግተን ይልካል፤ ማንም ሰው የአንባቢነት ካርድ አውጥቶ መጠየቅ ይችላል። የገዛ አገሩን ወረቀት በባዕድ መንግሥት ካዝና ውስጥ አግኝቶ ማንበብ ደስ ይላል ወይስ ያሳፍራል? እስካሁን አልቆረጥንም።

የምናነብበትም ሰዓት የታወቀ ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት ድረስ ባዶ ሕንፃ እንጠብቃለን። ጋዜጣ ስናዘጋጅ የነበርን ሰዎች ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቻችን የሌሊት ሰዎች ሆነናል። መቼስ ሌባ ካልመጣ (እስካሁን አልመጣም) ለማንበብ ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም።

እንግዲህ ወደ መጻሕፍቱ። ከሁሉም በላይ ዓመቱን የያዘብን የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" ነው። በ1981 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለን፣ ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብጦ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ በተሰጠን ቅጂ አንብበነው ነበር። ያኔ ያነበብነው ለፊያሜታ ጊላይ ስንል ነው፤ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሌላ ምን ያነባል? ዓምና ዴቪድ ደጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ የተረጎሙት የእንግሊዝኛው ቅጂ ለገበያ ሲቀርብ፣ አማርኛውን ከሻንጣ አውጥተን ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። መጽሐፉ ከታተመ 42 ዓመት ሆኖታል።

ታሪኩን ለማያውቅ ወጣት አንባቢ በአጭሩ እናስታውስ። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበረ። ከዚያ በፊት የመነንን፣ የአዲስ ዘመንንና የሄራልድን የአዘጋጅነት ወንበር አይቷል፤ በአሜሪካም በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ተምሯል። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን ሲያውጅ እርሱም ከዘማቾቹ ጋር አሥመራ ወረደ። የተላከው ለቅስቀሳ ነበር። ያመጣው ግን "ኦሮማይ"ን ነው። የመጽሐፉ ተራኪ ፀጋዬ ኃይለማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው፤ ሥራው ሕዝቡ በዘመቻው እንዲያምን ማድረግ ሲሆን፣ ገጽ በገጽ የምናየው እርሱ ራሱ ማመን እያቃተው ሲሄድ ነው። መፈክሩ እየደመቀ፣ ስብሰባው እየበዛ፣ ሬሳው ናቅፋ ተራራ ላይ እየተከመረ ይሄዳል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ከኩራዝ አሳታሚ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ይህን ሁሉ እናውቀው ነበር። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ በዓሉን እያነሣን አምባገነኖችን ስንረግምበት ኖረናል። ዓምና ያስደነገጠን ግን ሌላ ነገር ነው። በዓሉ ውጭ ቆሞ ድንጋይ የሚወረውር ሰው አልነበረም። መፈክሩን ከሚያስጽፉት፣ ዜናውን ከሚያርሙት፣ የትኛው ሬሳ በቴሌቪዥን እንደሚታይና የትኛው እንደማይታይ ከሚወስኑት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር። መጽሐፉ የከሳሽ ቃል ብቻ ሆኖ አላገኘነውም፤ የተባባሪም ቃል ነው። የወጣትነት ንባባችን ይህን ጨርሶ አልፎታል። አንድ ሰው ጦርነትን ሲያሞግስ ኖሮ፣ ከዚያም በአደባባይ "ያልኩት ሁሉ ባዶ ነበር" ለማለት ምን ያህል ልብ እንደሚያስፈልገው የምንረዳበት ዕድሜ ላይ አልነበርንም።

የእንግሊዝኛውን ቅጂ እኛ ሳንጨርሰው ልጃችን ጨረሰችው። እዚሁ የተወለደች የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለች፣ ፊደል ላይ ግን ገና ትንፋሽ ያጥራታል። መጽሐፉን በሦስት ቀን አጠናቅቃ ስታበቃ ወደ ሌላ ጉዳይ ዞረች። አባቷ ይጽፍባቸው የነበሩትን ድረ ገጾች ፈልጋ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ያወጣነውን ጽሑፍ በትርጉም መሣሪያ አገላብጣ አነበበችው። እሑድ ጧት ቡና እየተፈላ ሳለ ስልኳን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣

"አባዬ፣ ፀጋዬ አንተ ነህ?" አለችን።

ያ ጽሑፍ ምን ይል ነበር? የትግራዩ ጦርነት በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተጻፈ ነው። "ሕግ የማስከበር ዘመቻ" የሚለውን የመንግሥት ቃል እንዳለ ተቀብለን፣ ያውም ከዚያው መንግሥት ሸሽተን የወጣን ሰዎች ሆነን ሳለ (ሰዎቹ ተቀይረዋል ብለን ነበር)፣ ነገሩ በሳምንታት እንደሚያልቅ ለአንባቢ አረጋግጠናል። መቀሌ መያዟን "የመጨረሻው ምዕራፍ" ብለነዋል። ስለ ሲቪሎች ሞት አንድም መስመር የለበትም። ስልክ መቋረጡን፣ መንገድ መዘጋቱን እናውቅ ነበር፤ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባችን እናቱን ለወራት በድምፅ እንኳ ማግኘት እንዳልቻለ ነግሮን ነበር። አልጻፍነውም። ጦርነቱ በሳምንታት ሳይሆን በሁለት ዓመት፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። በመካከሉ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በዋሽንግተን አደባባይ ባንዲራ ለብሰን "በቃ" ስንል፣ በቃ ያልነው ለውጭ መንግሥታት ጣልቃ ገብነት እንጂ ለጦርነቱ አልነበረም።

ለልጃችን መልስ አልሰጠናትም። "ነገሩ ውስብስብ ነው" ብለን ቡናውን ጠጣን። ያች ቃል፣ "ውስብስብ" የምትለዋ፣ በስደተኛ ፖለቲካ ውስጥ ስንት ሬሳ እንደሸፈነች እግዜር ይወቀው።

ከወዲያኛውም ወገን ከበሮ መቺ አልጠፋም ነበር። ግን የእነርሱን ሒሳብ እነርሱ ያወራርዱ። የሚያሳስበን የራሳችን ሰፈር ነው፤ ምክንያቱም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ የአማራ ክልል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና በጦርነት ውስጥ ከገባ ጀምሮ፣ ከበሮው አቅጣጫውን ቀይሮ ያንኑ ምት ይመታል። ሰኞ አንድ ከተማ ተያዘ፤ ማክሰኞ ጠላት ተደመሰሰ፤ ረቡዕ መዋጮ ይሰብሰብ። በድሮን የተገደለው ገበሬ ስም አይጠራም፤ የሚጠራው የሟቹ ቁጥር ነው፤ ያውም እንደ ተናጋሪው ይጨምራል ይቀንሳል። የመንግሥትን ግፍ ማጋለጥ ግዴታችን ነው፤ ወደፊትም አንተወውም። ነገር ግን ከሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤት ተቀምጦ የሌላ ሰው ልጅ ወደ ጥይት እንዲገባ መቀስቀስና ግፍ ማጋለጥ አንድ ሥራ ተደርገው ሲታዩ ዝም ማለት አይገባንም። በዓሉ ቢያንስ አሥመራ ወርዶ ነበር።

ዕዳ ሆኖብን ያነበብነው መጽሐፍ የዶክተር ብርሃኑ ነጋ "የነፃነት ጎህ ሲቀድ" ነው። ዕድሜው የደረሰ አንባቢ ያስታውሰዋል። ደራሲው በምርጫ 97 ማግስት ከቅንጅት መሪዎች ጋር በቃሊቲ ታስረው ሳለ የጻፉት፣ በ1998 ዓ.ም. በካምፓላ የታተመ ወፍራም መጽሐፍ ነው። አዲስ አበባ ከንቲባ ይሆኑላት ዘንድ የተመረጡት ሰው በእስር ቤት ሆነው፣ ያ ምርጫ እንዴት እንደተወለደና እንዴት እንደታነቀ የጻፉትን ስናነብ በዚህ አገር ያለን ስደተኞች ምን ያህል እንደተሰማን በቃላት መግለጽ ያዳግታል። እኛ ቅጂያችንን በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርን ነበር ያነበብነው። ዓምና ከመደርደሪያ ስናወርደው ቀዩ ቀለም ደብዝዞ ቡናማ መስሏል።

ደራሲው በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ተፈቱ፤ ወደዚህ መጥተው በፔንሲልቬንያ በባክኔል ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ2000 ዓ.ም. ግንቦት ሰባትን መሠረቱ፤ በጳጉሜን 2010 ዓ.ም. ወደ አገር ቤት ተመለሱ፤ ከመስከረም 2014 ዓ.ም. ጀምሮም የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። የዚህ ገጽ አንባቢዎች ከፊሉ "ከዳን" ይላሉ፤ ከፊሉ "ከውስጥ ሆነው እየሠሩ ነው" ይላሉ። እኛ ዓምና ያደረግነው ነገር ቀላል ነው፤ ራሳችን ያሰመርንባቸውን መስመሮች ብቻ መርጠን አነበብን።

እውነቱን ለመናገር፣ ያፈርነው በደራሲው አይደለም፤ በቀዩ እስክሪብቶ ነው። ያሰመርነው ባላንጣ በሚወቀስበት ሁሉ ነበር። ደራሲው ተቃዋሚው ወገን ራሱ የሚመረመርበትን፣ የድርጅት ባህል ድክመት የሚነሣበትን፣ ትዕግሥትና መቻቻል የሚጠየቅበትን ገጽ ሁሉ ነጭ አድርገን አልፈነዋል። እንዲህ ያለ አንባቢ ይዞ የትኛው ጎህ ይቀዳል? መጽሐፉን ዛሬም ያላነበበ ወጣት እንዲያነብበው እንመክራለን። ከደራሲው የኋላ ሥራ ጋር ያለውን ቅራኔ መጽሐፉ ላይ ማላከክ ግን ትክክል አይመስለንም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ "ልብ ወለድ ታሪክ"፣ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ የታተመ ነው፤ ደራሲው ኋላ ከወራሪው ከጣሊያን ጋር አብሮ በግዞት ሞቷል። መጽሐፉን ግን ማንም ከታሪካችን አልፋቀውም። (ይህ ሰውን ከሰው ማነጻጸር አይደለም፤ ስለ መጻሕፍት ዕድሜ ነው የምናወራው።)

ይልቅ ሚኒስትሩን የምንጠይቀው ስለ መጽሐፋቸው ሳይሆን ስለ ሥራቸው ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ከስርቆት በመጽዳቱ የተደበቀው ውድቀት ታየ የሚለውን ክርክር እንቀበላለን፤ መደበቁ ይሻል ነበር የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ከዚያ በኋላስ? በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነው ዓመታት ሲቆጠሩ፣ ለእነርሱ የሚሆን ጎህ በየትኛው ዕቅድ ላይ ተጽፏል? ትምህርት ቤትን ካምፕ ያደረገ ሠራዊት የሚመራው መንግሥት አባል ሆኖ ስለ ትምህርት ጥራት መናገር እንዴት ይቻላል?

ይህን ጠይቀን እዚህ ላይ ብንቆም እጅ ይጨበጨብልን ነበር። ግን ሌላም አለ። ታጣቂዎች ራሳቸው ትምህርት እንዳይጀመር ያገዱባቸው፣ መምህራን የዛቱባቸውና የታገቱባቸው ቦታዎች መኖራቸው የተመዘገበ ሐቅ ነው። የእኛ ወገን ድረ ገጾች ይህን ለመጻፍ ለምን እጃቸው ይያዛል? "አሁን ጊዜው አይደለም" ይባላል። በ2013 ዓ.ም. እኛም ለባልደረባችን ያልነው ይህንኑ ነበር። የጎጃም ሕፃን "ሀ ሁ" ሳይቆጥር ዐሥር ዓመት ሲሞላው፣ ከልካዩ ማን እንደነበረ ለእርሱ ልዩነት የለውም። ሁለቱንም እንወቅሳለን፤ መንግሥትን አብልጠን፣ ምክንያቱም ግብር የሚሰበስበውና ድሮን ያለው እርሱ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ መጽሐፍ አለ። የሕይወት ተፈራ "ማማ በሰማይ"። እንግሊዝኛውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው ነው፤ አማርኛውን ያዘጋጀችው ራሷ ናት። ስለ ኢሕአፓ ብዙ ተጽፏል፤ የክፍሉ ታደሰን "ያ ትውልድ" ያላገላበጠ ስደተኛ እምብዛም የለም። የሕይወት መጽሐፍ ግን የመሪ መጽሐፍ አይደለም። አንዲት ወጣት በፍቅርና በትግል አንድ ላይ ስትወድቅ፣ የወደደችው ጌታቸው ማሩ በከተማ የትጥቅ ትግል ላይ የተለየ ሐሳብ በማቅረቡ በገዛ ድርጅቱ እጅ ሲጠፋ፣ እርሷም በደርግ እስር ቤት ለዓመታት ስትማቅቅ የሚያሳይ ነው። መጽሐፉ ጩኸት የለበትም፤ ለዚህም ነው የሚያቆስለው። እኛ በተለይ የተያዝንበት ቦታ፣ ድርጅቱ የራሱን ልጅ ሲጠረጥር የነበረው ቋንቋ ነው። ያ ቋንቋ አልሞተም። ዛሬ ከስብሰባ አዳራሽ ወደ ስልክ መስኮት ተዛውሯል፤ "ሰርጎ ገብ"፣ "ተላላኪ"፣ "ባንዳ" የሚለው ስም አንድ ሰው የተለየ ጥያቄ በጠየቀ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይለጠፍበታል። ይህን ጽሑፍ ከወጣ በኋላ በእኛም ላይ እንደሚለጠፍ አንጠራጠርም፤ ምሽቱ ረጅም ነው፣ ቁጭ ብለን እናነበዋለን።

ሌላው የዲናው መንግሥቱ አዲስ ልቦለድ ነው። በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ፣ ርዕሱን በአማርኛ "እንደ እኛ ያለ ሰው" ልንለው የምንችል። የዲናውን የመጀመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ስናነብ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ያለችውን የሐበሻ ሱቅ ለመፈለግ በእግራችን ሄደን ነበር፤ (የለችም፤ ልቦለድ መሆኑን ረስተን)። የአሁኑ ወደ እኛ ይበልጥ ይቀርባል። ማሙሽ የተባለ፣ ሥራው የተቀዛቀዘ ጋዜጠኛ ከፓሪስ ወደ ዋሽንግተን ዳርቻ ሲመጣ፣ እንደ አባት የሚያየው የታክሲ ሾፌሩ ሳሙኤል መሞቱን ይሰማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሳሙኤል ማን እንደነበረ ፍለጋ ነው፤ ይኖርበት የነበረው ሰፈር፣ ያላወራው ታሪክ፣ የያዘው ሱስ፣ ሊያቋቁመው ያሰበው ድርጅት። ጋራዡ፣ አውራ ጎዳናው፣ የአፓርታማው ደረጃ፣ ሁሉም እኛው የምንኖርበት ነው።

መጽሐፉን ያለ ቅሬታ አላነበብነውም። ዲናው ስለ አገር ቤት የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው፤ ሳሙኤል ከምን ሸሽቶ እንደመጣ አጥብቆ ለሚጠይቅ አንባቢ መልስ የለውም። አንድ ሁለት ጊዜ "ንገረን እንጂ!" እያልን መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠናል። ቆይተን ግን ገባን፤ ዝምታው የደራሲው ስንፍና አይደለም፣ የሳሙኤል ነው። የእኛም ነው። ልጆቻችን ስለ 1998 ዓ.ም. ከእኛ አንደበት የሰሙት ስንት ዓረፍተ ነገር ነው? የታሰርንበትን ቀን ያውቁታል፤ የፈራንበትን ቀን አያውቁትም። በዚህ ከተማ ከሚሞተው የታክሲ ሾፌር ኪስ የሚወጣው ዲግሪ፣ መታወቂያና ፎቶግራፍ ስንት መጽሐፍ በወጣው! ለቀብሩ ማስፈጸሚያ ገንዘብ እናዋጣለን፤ ታሪኩን ግን አብረን እንቀብረዋለን።

የቀሩትን በፍጥነት እንለፋቸው። የገብረ ክርስቶስ ደስታን "መንገድ ስጡኝ ሰፊ" በየሦስት ወሩ እናነበዋለን፤ ሠዓሊውና ገጣሚው እ.ኤ.አ. በ1981 በኦክላሆማ ሎተን በስደት መሞቱን እያሰብን ስናነበው ግጥሞቹ ክብደታቸው ይለወጣል። የገብረ ሕይወት ባይከዳኝን "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" ለሁለተኛ ጊዜ ሞክረነዋል፤ ከመቶ ዓመት በፊት የታተመ መጽሐፍ ስለ ንግድና ስለ ቀረጥ ሲናገር የዛሬውን የገንዘብ ሚኒስቴር የሚያይ ይመስላል፤ ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋልና ለሌላ ጊዜ። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምን "ትግላችን" ግን ዓምናም ጀምረን ትተነዋል። በ2004 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ያለው ፀሐይ አሳታሚ ሳያወጣው በፊት ገጾቹ በድረ ገጽ ሲበተኑ በጉጉት ካነበቡት መካከል ነበርን፤ ያኔም አልጨረስነውም። ከጸሐፊው በቀር ሰው ሁሉ ጥፋተኛ የሆነበትን መጽሐፍ ለመጨረስ ልዩ ተሰጥዎ ይጠይቃል።

ወደዚያች እሑድ ጧት እንመለስ። ለልጃችን መልስ ለመስጠት አምስት ሳምንት ፈጀብን። በመጨረሻ፣ የ2013ቱን ጽሑፍ አትመን፣ ምን እያወቅን ምን እንዳልጻፍን በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈን ሰጠናት። ባልደረባችንንም ደውለንለት ነበር። ስልኩን አነሣው፤ ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ "እናቴ ደኅና ናት" አለን። ሌላ አልጠየቀንም፤ እኛም ይቅርታ የሚለውን ቃል ለማውጣት ከተዘጋጀንበት በላይ ጊዜ ወሰደብን። ያንን ጽሑፍ ካለበት ድረ ገጽ እንዲያነሡልን የመከሩን ወዳጆች አሉ። አናነሣውም። ከሥሩ ይህን ጽሑፍ እንድናያይዝ ብቻ አዘጋጆቹን ጠይቀናል።

ልጃችን ደግሞ አማርኛውን "ኦሮማይ" ይዛለች። የእንግሊዝኛውን ቅጂ በቀኝ፣ የአማርኛውን በግራ አድርጋ፣ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች፣ በሌሊት አንድ ገጽ ታነባለች። ያልገባትን ቃል እየጻፈች ወደ ሥራ ቦታችን በስልክ ትልክልናለች። ትናንት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የላከችው "ቋሚ ተጠሪ ማለት ምን ማለት ነው?" የሚል ነበር። አሁን ገጽ 11 ላይ ደርሳለች።

ቸር ይግጠመን።